ለደረበ መቃብር የመጣ ስም

እንዴት ዋሉ፣ እትዬ አየሁሽ? ኧረ አይነሡ! ጥላው ላይ ይሁኑ፤ የኮኪት ፀሐይ በጥርም አታዝን። ቀለሙ ብሩሹ ላይ እያለ ይደርቃል... ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከሰሌዳ ይልቅ መቃብር ላይ መጻፍ ሆኗል ሥራዬ። ደግነቱ እዚህ የሚረብሽ ተማሪ የለም።

ነገ አርባው ነው አይደል? ቀኑ እንዴት ይሮጣል! ወንድምዎ ደረበ... ውይ፣ ይቅርታ! ስሙን መጥራት ተከልክሏል ለካ። ማን ከለከለ አይበሉኝ፤ እኔ የሰው ስም አላነሣም። ያ ዋርካው ሥር ቆሞ ስልክ የሚያወራውንም ማለቴ አይደለም። እሱ ሥራ ላይ ነው።

ብቻ አንዳንድ ልጅ አለ፣ አባቱን የሚያከብር። ሰሊጥ ሊሸጥ ቻይና ድረስ ይሄድና ቀብሩ ቢያመልጠው እንኳ ባዶ እጁን አይመለስም። በሰባተኛው ቀን ስም ይዞ ከች ይላል። እዚያ ትልቅ ሰው ሲሞት የኖረበት ስም አይጠራም፣ የክብር ስም ይወጣለታል አሉት። እሱም አወጣ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲሉን ኖረናል፤ በሻንጣ እንደሚመጣ ማን ነገረን?

ይኸው፣ እንድጽፍለት የሰጠኝ ወረቀት፦ «የቆላው ብርሃን፣ የሰሊጥ ጠቢብ፣ ጥልቅ አሳቢ፣ ባለ ረጅም ጥላ»። አያምርም? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል በሜትር መሆኑን እኛ መች አወቅን? እርስዎስ ሦስት ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ ሲያገላብጡት፣ የሚያጥቡት ጠቢብ መሆኑን ጠርጥረው ያውቃሉ?

በሕይወት ሳለም እኮ ያከብረው ነበር። ከማክበሩ ብዛት ስልክ አያነሣበትም። ደረበ... ማለቴ «የቆላው ብርሃን»፣ እሑድ እሑድ ይደውላል፤ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» የምትለዋ ሴት ትመልሳለች። በኋላማ ለመዳት፤ «ደህና ከረምሽ ልጄ? ከብቶቹ ደህና ናቸው» ይላት ነበር። ሳትሰለች የምትመልስ ልጅ ያለው አባት ስንት ነው?

ባለፈው ክረምት ጭቃው መንገዱን ሲዘጋ፣ በትራክተር ተሳቢ ጭነን ገንዳ ውሃ ከተማ ሐኪም ቤት ስንወስደው ትዝ ይልዎታል? ጓደኛው ሙሐመድጣሂር ሱቁን ዘግቶ፣ መንገዱን ሙሉ ራሱን ጭኑ ላይ ይዞለት ሄደ። ግን ምን ብሎ ነበር የሚጠራው? «ደሬ፣ አይዞህ ደሬ»... እንዲህ ያለ ድፍረት! አንድ የክብር ስም እንኳ ሳያወጣለት።

ከመተማ ዮሐንስ የመጡት ለቀስተኞችስ? «የደረበ ቤት የቱ ነው?» ቢሉ፣ «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም፤ ይህ የጥልቅ አሳቢው ቤት ነው» ተባሉ። ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ ይቅርታ ጠይቀው ቀጥሎ ያለው ዳስ ገቡ። ሠርግ ነበር። ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱ... ሙሽራው እስካሁን አልተጽናናም አሉ። ቄሰ ገበዙም ለጸሎቱ የክርስትና ስሙን ሲጠይቁ ይህንኑ ወረቀት ተቀበሉ። አንብበው ሲያበቁ «ስንት ሰው ነው የሞተው?» አሉ።

እኔ መምህር ነኝና ትንሽ አነበብኩ። ያ የክብር ስም እዚያው ቻይና ጥንት ለነገሥታትና ለሹማምንት ነበር አሉ። ታዲያ ልጅ ብቻውን ብድግ ብሎ አያወጣውም፤ ሊቃውንት ተሰብስበው የሟቹን ሥራ መዝነው ነው። ደግ ለሠራ ደግ ስም፤ ለከፋ ደግሞ... ያው የሚገባውን። ይህችን ሳይነግሩት ቀርተው ይሆናል። ነጋዴ ይቸኩላል፣ ሁሉን አይሰማም።

በሉ እንግዲህ ልጻፍ። እትዬ አየሁሽ፣ ያኔ መሠረተ ትምህርት ሳስተምርዎ የወንድምዎን ስም ካላሳየኸኝ ብለው ነበር። ከዚያ ሁሉ ፊደል የቀሩልዎ ሦስቱ ብቻ ናቸው አይደል? ይኸው... ደ... ረ... በ። እጄን ላፍታታ ብዬ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ውይ፣ ገዘፉብኝ መሰለኝ? ድንጋዩን ዳር እስከ ዳር ሞሉት! እርጅና ነው። ቀለሙም ተንጠፍጥፎ አለቀ። ታዲያ ያ ሁሉ ረጅም ጥላ የት ይረፍ? አይ፣ ጣትዎን አያሳርፉበት፤ ይድረቅ። ከደረቀ ወዲያ መዳሰስ ነው፣ በየዓመቱ።

ስልኩን ጨርሶ መጣ። ይምጣ፣ ይምጣ! እኔ እንደሆንኩ ደግ ደጉን ነው የምመኝለት። ዕድሜውን እንደ አባቱ ያርዝምለት፤ እሑድ እሑድ የሚደውልላቸው ልጆች ይስጠው። ቀኑ ሲደርስም፣ በዚያው በሚወደው ወግ፣ አገር ተሰብስቦ ሥራውን መዝኖ የክብር ስም ያውጣለት። እኔንም ብሩሹን ለመያዝ ያብቃኝ። አሜን በሉ እንጂ፣ እትዬ አየሁሽ! ለቀለሙም አይጨነቁ፤ ስሙን አገር ከወዲሁ አውጥቶለታል... አጭር ናት።