ስልክ መዝጋት ነውር ነው ወይ?

ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር ከጤና ጣቢያው የመድን መስኮት ከተመለሱ ወዲህ አልተቀመጡም። ኮሪደሩን እስከ መርፌ መውጊያው ክፍል ይሄዱና ይመለሳሉ፤ ደግሞ ይሄዳሉ። ወንበር ጠፍቶ አይደለም። ተራ የሚጠብቁት አሮጊቶች ጠጋ ጠጋ ብለውላቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን "ኧረ ግድ የለም፣ እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው" እያሉ አለፏቸው። እግራቸው ምንም አልሆነ። መቀመጫ ያጣው ልባቸው ነው።

ሰፈሩ "ጋሼ ፍሬን" ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ መሪ ጨብጠው ሰው ቀርቶ ዶሮ አልገጩም። እንግዲህ እኚህ ጥንቁቅ ሰው ዛሬ ጠዋት የመጡት የባለቤታቸውን የዓይን ቀዶ ጥገና ቀን ለማረጋገጥ ነበር። የመስኮቷ ጸሐፊ ኮምፒውተሯን አየች አየችና፣ "አባባ፣ የእማማ ካርድ ደህና ነው፤ ሰኞ ይዘዋቸው ይምጡ። የእርስዎ ግን የዚህ ዓመት ሽፋኑ አልቋል። ተሽከርካሪ ወንበር ወስደዋል፣ አይደል?" አለቻቸው። ጋሼ ፍሬን በሁለት እግራቸው ቀጥ ብለው እንደ ቆሙ "አዎ ልጄ" ብለው መለሱ።

ለምን "አልወሰድኩም" አላሉም? ከኋላቸው ሰልፍ ነበረ፣ በሰልፉ ውስጥ የሚያውቋቸው ሰዎች ነበሩ፤ "አልወሰድኩም" ካሉ ደግሞ "ታዲያ ማን ወሰደው?" ይመጣል። ይሉኝታ ማለት ይኸው ነው፤ ጤነኛውን ሰው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ አስቀምጦ ይገፋዋል።

ማን እንደ ወሰደው ግን ሆዳቸው ያውቀዋል። ከወር በፊት አንድ ሰው ደውሎላቸው ነበር። ስልኩ ሲዘጋ ያኔውኑ ነገሩ አላማራቸውም ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገሩም።

ከደረጃው ሥር አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ አለች። በላይዋ "ለአረጋውያን በጤና መድን ጉዳይ ነጻ ምክር" የሚል ጽሑፍ ቆሟል፤ ከጽሑፉ በስተጀርባ የታች ቤት ጎረቤታቸው ተቀምጠዋል። እኚህ ሴት ዘመናቸውን የፈጁት በስልክ አገናኝነት ስለሆነ "እትዬ ስልክ" ነው የሚባሉት። ጋሼ ፍሬን ጎረቤታቸው እዚያ መኖራቸውን አላወቁም ነበር። ባዩአቸው ጊዜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ሊያልፉ ሞከሩ።

"ጋሼ፣ ኮሪደሩን ሊገዙት ነው እንዴ?" አሉ እትዬ ስልክ። "ሲለኩት አረፈዱ።"

"እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው እትዬ።"

"እግር ሲፍታታ ፊት እንዲህ አይቋጠርም። ይቀመጡ እስቲ።"

ጎረቤት ተቀመጡ ብሎ እምቢ ማለት አይቻልምና ከወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጢጥ አሉ። ከተቀመጡ ዘንዳ ደግሞ ጨዋታውን ወደ ሴትየዋ ለማዞር ቸኮሉ።

"ለመሆኑ ይሄ ሥራ ደሞዝ አለው?"

"የለውም። በጎ ፈቃድ ነው። ሥልጠና ወስደን ማክሰኞና ሐሙስ እንቀመጣለን። የመድን ደብዳቤ ያልገባው ካለ እናስረዳለን፤ ያልተቀበለው ነገር የተጻፈበት ካለ አቤት ሲል አብረነው እንቆማለን።"

"በዚህ ዘመን በነጻ የሚለፋ ሰው አለ ነው የሚሉኝ? መድን ልትሸጡልን እንዳይሆን።"

"አንሸጥም። ይሄኛው ከዚያኛው ይሻላል ብለን የማንንም ገበያ አናደምቅም።"

"ማን ፈቀደላችሁ? ደብዳቤ አላችሁ?"

እትዬ ስልክ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለውን መታወቂያ አዙረው አሳዩአቸው። "ካላመኑኝም መስኮቷ ያችት፤ ሄደው ይጠይቁ።"

"የሰውን ካርድ ተቀብላችሁ ቁጥር ትጽፉ ይሆናል።"

"ካርድዎን አልቀበልም፣ ቁጥሩንም አልጽፍም። ይዘው የሚያነቡት እርስዎ፣ ለመሥሪያ ቤቱ የሚናገሩት እርስዎ። እኔ አጠገብዎ ነው የምቀመጠው።" እትዬ ስልክ ፈገግ አሉ። "ጋሼ፣ ደስ አሰኙኝ። ሰው እንዲህ ነው መጠየቅ ያለበት። ያንን ተሽከርካሪ ወንበር በካርድዎ ቁጥር የወሰደብዎትን ሰውዬስ ከዚህ ሁሉ አንዷን ጠይቀውት ነበር?"

የጋሼ ፍሬን ፊት ደም መሰለ። "ማን ነገረዎት?"

"መስኮቷ ቅርብ ናት፤ የእኔ ጆሮ ደግሞ ጡረታ አልወጣም። በሁለት እግሩ ቆሞ ተሽከርካሪ ወንበር ወሰድኩ የሚል ሰው ቁጥሩን በስልክ የሰጠ ነው።"

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ብዙዎቻችን እንደ ጋሼ ፍሬን ነን። የማናውቀውን ሌባ በሙሉ ልብ አምነን የጎረቤታችንን ቅንነት በወንፊት እናጣራለን።

ጋሼ ፍሬን ካንገታቸው ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሰላምታ የሚያውቅ ልጅ ነበር እትዬ። 'አባቴ እንዴት አደሩ? ቤተሰብ ደህና? ጉልበትዎስ እንዴት ነው?' አለኝ። የወለድኳት ልጄ እንኳ ስትደውል 'አባዬ ቸኩያለሁ' ብላ ነው የምትጀምር። ከመድን ነኝ፣ ካርድዎን ላድስልዎ፣ ቁጥሩን ያንብቡልኝ አለ፤ አነበብኩለት። ሰው እንደዚያ አክብሮህ፣ ስለ ጉልበትህ ጠይቆህ፣ 'አንተ ደግሞ ማነህ?' ይባላል? ጆሮው ላይ ይዘጋል? እኛ እንዲህ ተደርገን አላደግንም። ስልክ መዝጋት ነውር ነው።"

"ጉልበትዎን እንደሚያምዎት በምን አወቀ?"

"እሱስ... እንጃ።"

"ጉልበቱን የማያመው ሽማግሌ የት አለና ነው ጋሼ?" አሉ እትዬ ስልክ። "እኔ ዕድሜዬን የሰው ድምፅ ሳቀባብል ኖሬያለሁ። አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ የሆነውን ሁሉ አውቄያለሁ አልልም፤ እኔንም ያታለሉኝ አሉ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አውቶቡስ ሲነዱ፣ ፌርማታ ያልሆነ ቦታ ላይ አንድ ሰው ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ቢነሳዎ ያቆሙለት ነበር?"

"ለምን ብዬ? ከፌርማታ ውጭ ማቆም ክልክል ነው።"

"ይቀየማላ።"

"ይቀየም። ጀርባዬ ሰው ጭኛለሁ፤ ለአንድ ሰው ቅያሜ ብዬ..." አሉና ንግግራቸው ተቋረጠ።

"እርስዎ አሁንም ሰው ጭነዋል ጋሼ። ስልክም የራሱ ፌርማታ አለው፤ ካርድዎ ጀርባ ላይ የታተመው ቁጥር ነው። ራስዎ ከደወሉበት የሚያነሳው መሥሪያ ቤቱ ነው። መንገድ ላይ ሳይጠሩት እጁን ያነሳውን ሰው ግን አይጫኑት። ይሳደቡ አላልኩም። 'ልጄ፣ ስለ ደወልክ አመሰግናለሁ፣ እኔው ራሴ ወደ መሥሪያ ቤቱ እደውላለሁ፣ ደህና ሁን' ይበሉና ይዝጉ። ከእውነተኛው መሥሪያ ቤት ከሆነ አይከፋውም። ከከፋው ማንነቱን ነገረዎት። አሁን እስቲ ይበሉት፤ እኔ ሌባው ልሁን።"

ጋሼ ፍሬን ሞከሩ። "ልጄ፣ ስለ ደወልክ አመሰግናለሁ... ቤተሰብ ደህና?"

"ቤተሰቡን ይተዉት።"

ሁለቱም ሳቁ። የጋሼ ሳቅ ግን ቶሎ ሞተ። ተነሱና እንደገና ተቀመጡ።

"ገብቶኛል እትዬ። ለወደፊቱ እጠነቀቃለሁ። አቤት የሚሉትን ግን ዛሬ አላደርገውም። ሰኞ ባለቤቴ ዓይኗን ትሠራለች። አንደኛው በሞራ ተሸፍኖ ሌላውም እየደከመ ነው፤ እጄን ካልያዘች ከበር አትወጣም። የእኔ ካርድ እንደ ሞተ ይሙት፤ የእሷ ደህና ነው። አሁን ነገር ባነሳሳ፣ ምርመራ ነው ብለው ሁለታችንንም ቢያግዱንስ? ልጄም ከሰማች አባቴ ጃጅቷል ብላ ስልኬን ትቀማኛለች። ሰኞ ይለፍና እናገራለሁ።"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል።"

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸም ይባላል። የሄደው ሄዷል።"

"ጅቡ መሄዱን ማን ነገረዎት?"

ጋሼ ፍሬን የኮታቸውን ቁልፍ ሲፈቱና ሲቆልፉ ኪሳቸው ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። አውጥተው ጆሯቸው ላይ አደረጉት፤ ወዲያው ዓይናቸው ፈጠጠ።

"አባቴ፣ እንዴት ዋሉ? ጉልበትዎ ተሻለው? እማማስ ለሰኞ እየተዘጋጁ ነው?" አለ ያ ድምፅ። "አይዞዎት፣ የእማማን ወረፋ እኔ አስቀድማለሁ። አሁን በስልክዎ የማረጋገጫ ቁጥር ልኬያለሁ። እሷን ብቻ ያንብቡልኝ።"

በእርግጥም ስልኩ እጃቸው ውስጥ ንዝር አለ። መልእክት ገብቷል። የሚስታቸው ካርድ የተመዘገበው በእርሳቸው ስልክ ነው። ጋሼ ፍሬን ስለ ሰኞ አሁን ለእትዬ ስልክ ካወሩት በቀር ለማንም አልተናገሩም፤ ይህ ሰው ከየት ሰማ? ልባቸው ይህን ሲጠይቅ አፋቸው ግን በለመደው መንገድ "እግዜር ይስጥህ ልጄ" ማለት ጀምሮ ነበር። እትዬ ስልክን አዩ። እትዬ ስልክ ስልኩን አልነጠቁም፣ አላዘዙም፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ።

"ልጄ" አሉ ጋሼ ፍሬን፣ "ስለ ደወልክ አመሰግናለሁ። እኔው ራሴ ወደ መሥሪያ ቤቱ እደውላለሁ።"

"አባቴ፣ ጊዜ እኮ የለንም። ወረፋው ሊተላለፍ ነው። የእማማ ዓይን ቢጠፋ በእርስዎ ነው።"

ጋሼ "ደህና ሁን" አሉና ዘጉት።

"ጆሮው ላይ ዘጋሁበት" አሉ ቀስ ብለው፣ ሰው የገጨ ሾፌር ይመስል። ከዚያ የመነጽራቸውን ቤት ከፈቱ፣ ካርዳቸውን አወጡ፣ ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር አንድ በአንድ እየነኩ ደወሉ። እትዬ ስልክ አጠገባቸው ከመቀመጥና ሲደናገጡ "ቀስ ይበሉ" ከማለት በቀር አንዳች አልጨመሩም። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሰምታ ሰምታ ነገሩን አገኘችው። በሚስታቸው ካርድ ዛሬ ጠዋት ውድ ዕቃ ታዝዞ ነበር፤ የጎደለው ያችው የማረጋገጫ ቁጥር ብቻ ነበረች። ቢሰጧት ኖሮ የሰኞው ቀዶ ጥገና የሚከፈልበት አይተርፍም ነበር። ሠራተኛዋ ትእዛዙን ሰረዘች፣ የካርዱን ቁጥር ቀየረች፣ የሰኞው ቀጠሮ ግን እንዳለ ነው አለች። የተሽከርካሪ ወንበሩም ነገር በአቤቱታ ተመዘገበ። ጋሼ የፈሩት እገዳ አልመጣም።

ቤታቸው ሲገቡ ባለቤታቸው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው የታጠበ ልብስ በዳበሳ ያጥፋሉ። ጋሼ ፍሬን ኮታቸውን ሳያወልቁ ከፊታቸው ቆሙ።

"አንድ ነገር ልንገርሽ። ከወር በፊት በስልክ አታለሉኝ። ቁጥሬን ሰጠሁ። ካርዴን ጨርሰውታል።"

ሴትዮዋ የያዙትን ሸሚዝ አላስቀመጡም።

"ትናንት አንተ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ የቤቱ ስልክ ጮኸ" አሉ። "'እናቴ፣ ዓይንዎ እንዴት ነው?' አለኝ። እኔም ሰኞ ነው አልኩት፣ አጫወትኩት። ካርድዎን ካላነበቡልኝ ቀጠሮው ይሰረዛል አለ። በዚችው በደከመች ዓይኔ፣ ካርዱን አፍንጫዬ ድረስ አስጠግቼ፣ እያለቀስኩ አነበብኩለት። ከዘጋሁ በኋላ ደነገጥኩ። ላንተ ልነግርህ አስቤ፣ ጋሼ ፍሬን ሚስቱን ሞኝ ይላታል ብዬ ተውኩት።"

"እኔ ደግሞ አንቺን ፈርቼ።"

"ያኔ ብትነግረኝ ኖሮ" አሉ ባለቤታቸው፣ "ትናንት ገና 'እናቴ' ሲለኝ ባወቅኩት ነበር።"

ጋሼ ፍሬን ከዚህ ቃል ይልቅ ከሌባው ስድብ ቢሰሙ ይሻላቸው ነበር። በዚያ ወር ውስጥ ሌባው ምንም አልደከመም፤ የእርሳቸው ዝምታ በር ከፍቶ ወደ ሚስታቸው መርቶታል። አብረው በአንድ ቤት እየኖሩ፣ አንዱ ከሌላው ሞኝነቱን ሲደብቅ፣ ያቺ ዓይን ለጥቂት ሳትታከም ልትቀር ነበር።

ሰኞ ቀዶ ጥገናው ተደረገ። ልጃቸውም ሰማች፤ ስልኩን አልቀማችም። ይልቅስ "እኔንም ባለፈው በባንክ ስም ሊያታልሉኝ ነበር" አለች፤ ከዚያ ወዲህም ስትደውል አትቸኩልም። የተሽከርካሪው ወንበር አቤቱታ ወራት ወሰደ፤ ጋሼ በየጊዜው እየተናደዱ ተከታተሉት፣ በመጨረሻ ከካርዳቸው ተነሳ። ጉዳዩ ሲመረመርም በዚያው መንገድ የተታለሉ ሌሎች ሦስት ሰፈርተኞች ተገኙ።

ስለዚህ የዚህ ታሪክ ትምህርት ሩቅ አይደለም። ሰላምታችንን እንጣል የሚል የለም፤ ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ለመንገደኛ እንስጠው። የመድን ቁጥር ግን ሰላምታ አይደለም፣ ለጠየቀ ሁሉ አይሰጥም። የመጣልንን ደብዳቤ አንብበን ያልወሰድነውን "አልወሰድንም" ማለት፣ ከተታለልንም ያኔውኑ መናገር ኪሳችንን ብቻ አይደለም የሚያድነው፤ ከኛ ቀጥሎ ስልኩ የሚጮህበትን ሰው ያድነዋል። ጊዜና ጆሮ ያለው ጡረተኛ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን አንዲት ጠረጴዛ ጋር ቢቀመጥ፣ ለብቻው ሲጨነቅ የሚውለውን ወገኑን ያሳርፋል።

ጋሼ ፍሬን ሥልጠናውን ወስደው አሁን ሐሙስ ሐሙስ ከእትዬ ስልክ ጋር ይቀመጣሉ። ባለፈው ሐሙስ አንድ ሰፈሩ የሚያከብራቸው የቀድሞ ዳኛ መጥተው ጽሑፉን ሲያነቡ ቆሙ። አጭር ጽሑፍ ነው፤ እርሳቸው ግን አንብበው አልጨረሱትም።

"ክቡር ዳኛ" አሉ ጋሼ ፍሬን፣ ድምፃቸውን ሳይደብቁ፣ "እኔን አታለውኛል። እርስዎንስ?"

ዳኛው ግራ ቀኝ አዩና ወንበር ሳቡ። "ብቻ ይሄ ነገር ከዚህ እንዳይወጣ" አሉ በሹክሹክታ።

"ከእኔ አይወጣም" አሉ ጋሼ ፍሬን። "ባለቤትዎ ግን ዛሬውኑ ይስሙ። ስልኩ ነገ የሚጮኸው እርሳቸው ጋ ነው።"