የዘይነባ ዓይንና የወፍጮው ኩሽኔታ

ከቡታጅራ ወደ እንሴኖ በሚኒባስ ስንሄድ፣ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈዋል። አጠገባቸው ያለው ጎልማሳ ጠየቃቸው።

"አባባ፣ ምንድን ነው የታቀፉት?"

"የወፍጮዬ ኩሽኔታ ነው፣ ዘንጉ የሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት፤ አሁን ገዛሁት። አዲስ በገባ ቁጥር ሳይሰነብት ይጮህና ይበላሻል። ጎረቤቴ ዘይነባ ዓይኗ አይጣል ነው።"

"እሷ ናት የምታበላሸው?"

"ልታስፈጭ ስትመጣ አፍጥጣ ታየዋለች። አሁንማ ሰላምታም ነስቻታለሁ።"

"የተበላሸውን ከፍተው አይተውታል?"

"ውስጡ ፈንጣጣ የወጣበት ፊት ይመስላል።"

"ወፍጮው ላይ ብየዳ ይሠራል?"

"ቀበቶው የሚዞርበት ፑሌጃ እየተሰነጠቀ አስቸገረኝ። የልጄ ባል ሳይፈታው እዚያው ይበይድልኛል።"

"ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን ሌላኛውን የብየዳ ገመድ የት ያስረዋል?"

"የወፍጮው እግር ላይ።"

"እንግዲያው ኤሌክትሪኩ ከፑሌጃው ወደ እግሩ የሚሄደው በኩሽኔታው አልፎ ነው። ኳሶቹ ጋ ብልጭ እያለ ብረቱን ይቦረቡረዋል። ገመዱን ፑሌጃው ላይ ቢያስረው ኩሽኔታው አይነካም።"



"ታዲያ አማቼ ነዋ የሚያበላሸው።"

"አዎ፣ እሱ ነው።"

"እሱን ብናገር ልጄ ታኮርፈኛለች።"

"ታዲያ ምን ሊያደርጉ ነው?"

"ገመዱን እኔው ራሴ ፑሌጃው ላይ አስርለታለሁ።"

"ዘይነባስ?"

"ኩሽኔታው ከሰነበተ ጠርቻት፣ ይቅር ብዬሻለሁ እላታለሁ።"

ዘይነባ ይቅር በምትባልበት ቀን እዚያ ወፍጮ ቤት መገኘት አማረኝ።