ወይፈን በአንድ ቀን አይገራም

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። አያ ስመኘው ከቡሬ ገበያ ሲመለሱ ፍኖተ ሰላም ላይ ከመኪና የወረዱት፣ ኮሌጅ የሚማረውን ልጃቸውን ዘመኑን አይተው ለማለፍ እንጂ ከሰው ለመጣላት አልነበረም። የኮሌጁ ሜዳ ዳር ሲደርሱ ግን ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው። ዘመኑ ትከሻው ላይ ገመድ አጥልቆ አሮጌ የመኪና ጎማ ይጎትታል፤ ፊሽካ ያንጠለጠለች ወጣት ሴት ከኋላው «በርታ!» ትለዋለች።

«በስመ አብ! ልጄን በሬ አደረግሽው?» አሉ ከዘራቸውን አንሥተው።

ሴቲቱ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች። እሌኒ ትባላለች፤ የስፖርት መምህርት ናት። «ደህና ዋሉ አባቴ? ልጅዎ ራግቢ ሊግ የሚባል ጨዋታ ይጫወታል። ሞላላ ኳስ ታቅፎ፣ ተጋጣሚን እየገፉ መሮጥ ነው። ለዚያ ሰውነቱን እያዘጋጀነው ነው።»

«የገበሬ ልጅ ሰውነቱ በሞፈር ተዘጋጅቷል! እኛ የገና ጨዋታ ስንጫወት ማን ጎማ ጎተተ? ዛሬውኑ ይዤው እሄዳለሁ። ስመኘው ልጁን አስጠመደ ሲባል መስማት አልሻም።»

ዘመኑ አንገቱን ደፋ። አባቱ ተነሥ ካሉት እንደሚነሣ ያውቃል፤ ያን ያህል የለፋበት የቅዳሜው የመጀመሪያ ግጥሚያም ይቀርበታል።

እሌኒ ሽማግሌውን ጥላ ሥር አስቀመጠቻቸውና «እስኪ ስለ ገናው ያጫውቱኝ» አለች። ብልህ ናት፤ ሽማግሌ በትዝታው በኩል ካልገቡበት በሌላ በር አይከፍትም።

የአያ ስመኘው ፊት ፈታ አለ። «አይ ያ ዘመን! ላይ አምባና ታች አምባ ተለይተን፣ ሩሯ፣ የእንጨት ኳሷ፣ ከግራር ሥር ተጠርባ… ገብረሰንበት የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። ሩሯን መትቶ ከተፈተለከ አቧራውን እንጂ እሱን የሚያይ የለም። ያ ሩጫው ይናፍቀኛል ልጄ፤ ዛሬም በሕልሜ አየዋለሁ።»

«አሁን የት አሉ?»

«አለ፤ በምርኩዝ። አንድ ዓመት በገና ዋዜማ ጉልበት ይጠራቀም ብለን ተኝተን ዋልን። ከቅዳሴ መልስ በዶሮና በጠላ ጾማችንን ገደፍን፤ ከማዕድ ተነሥተን በቀጥታ ወደ ሜዳ። ገና እንደተፈተለከ ጭኑ ጧ አለ! ወጌሻ ቢያሸው ባሰበት። ዓይን በላው አልን።»

«ዓይን አይመስለኝም አባቴ። እርስዎ ወይፈን ሲገሩ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ጥማድ ያርሱበታል?»

«ምን አበድኩ? መጀመሪያ ባዶ ቀንበር አለምደዋለሁ። ከዚያ ግንድ አስጎትተዋለሁ። ቀስ እያልኩ…» አሉና ቃላቸው ተቋረጠ። ዓይናቸው ጎማው ላይ ነበር።

እሌኒ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እርሻ ጉልበት ይሰጣል፤ አልካድኩም። ድንገት መፈትለክን፣ ወድቆ መነሣትን ግን አያለማምድም። እኛ ሰውነቱን አሟሙቀን፣ በየጊዜው ጥቂት ጨምረን፣ ሲደክመው አሳርፈን ነው የምናሠራው። ግጥሚያ ሲኖርም ሆዱን ሞልቶ አይገባም።»

«እንግዲያ ገብረሰንበትን የጣለው የኛው ዶሮና እንቅልፍ ነዋ! ለወይፈን ያወቅንበትን ለሰው ነፈግነው።» አሉ ሽማግሌው።

ተነሥተው ወደ ዘመኑ ሄዱ። ልጁ ገመዱን ሊያወልቅ ሲል እጁን ያዙት። ትከሻው ቀልቶ ነበር። ጋቢያቸውን አጥፈው ከገመዱ ሥር አስገቡለት።

«ያለ ልብስ ጫንቃ ይልጣል። በል ጎትት።»

ዘመኑ ቅዳሜ ተጫወተ፤ በሁለት እግሩም ቆሞ ወጣ። በተከታዩ ዓመት የገና ዕለት ደግሞ የአምባው ጎረምሶች ከጨዋታው በፊት ሜዳውን በሶምሶማ ሲዞሩ ታዩ። ጠላው ለማታ ተላልፏል። የዚያን ዕለት በቃሬዛ የወጣ የለም፤ ካሣ የሚጠይቅ፣ ዓይን በላኝ ብሎ ጎረቤቱን የሚያማም አልተገኘም። ልምምድ ማለት ይኸው ነው።

«ቀስ! መጀመሪያ ቀስ!» እያሉ የሚጮኹት አያ ስመኘው ነበሩ።

ገብረሰንበት ምርኩዙን ተደግፎ ሲያያቸው ቆየና፣ «ስመኘው፣ ምነው ያን ጊዜ እንዲህ በጮኽክብኝ!» አላቸው።

አያ ስመኘው ሄደው አጠገቡ ተቀመጡ። ሩሯ ስትመታ ሁለቱም እኩል ብድግ ሊሉ ቃጣቸው።