እጣቢ የተደፋበት ደረጃ

አቶ ክፍሌ ጅቡቲ፣ አምቡሊ ሰፈር በሚገኘው ሱቃቸው ደረጃ ላይ እጣቢ ሲደፉ፣ የልጃቸው የሰብሊ መምህርት ፅዮናዊት ከሚኒባስ ወርዳ በዚያው ስታልፍ ጫማዋ ራሰ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «አፈር ልብላልሽ ልጄ» ይሏት ነበር። ዛሬ ግን ደማቸው ፈልቷል። ሰብሊ በመምህርቷ በኩል ከየመን ልጆች ጋር በኢንተርኔት እንደምትነጋገር የሰሙት ገና ትናንት ነው።

«እንኳን አገኘሁዎት፣ መምህርት» አሉ። ሲቆጡ ነው አንቱ የሚሉት። «ዛሬ የወላጅ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ከሥራ እንዲሰናበቱ እጠይቃለሁ። ልጄን ከማታውቀው ሰው ጋር ያገናኛሉ እንዴ?»

ፅዮናዊት ክፉኛ ደነገጠች። ቢሆንም ድምጿን ሳታነሳ ነገሩን አስረዳቻቸው። ከየመኗ ኤደን፣ ከሞምባሳ፣ ከማርሴይ ሳይቀር መምህራን የተሰባሰቡበት የኢንተርኔት ማኅበር አለ። ልጆቹ ፎቶም ስልክ ቁጥርም አይለዋወጡም፤ ጥያቄያቸውን በድምፅ ይቀዳሉ፣ መምህራኑ አዳምጠው ያስተላልፋሉ።

«ከጦርነት አገር ልጅ ደግሞ ምን ልትማር ነው?»

«ጠይቆ መስማትን፣ ጋሼ። የማታውቀውን ሰው ከመፍራቷ በፊት ምን እንዳጋጠመው መጠየቅን።»

አልተዋጠላቸውም። ቤተሰባቸው ከባቡሩ ዘመን ጀምሮ ጅቡቲ የከተመ፣ የተከበረ ነው። እጣቢውንም ቢሆን በከንቱ አይደለም የሚደፉት። ወደ የመን ሊሻገሩ የሚያልፉ የአገር ቤት ወጣቶች ጥላ ፍለጋ እንዳይቀመጡ ነው። ደረጃው በደረቀ ቁጥር ይደፉበታል። ጎረቤቱም እንዲሁ ያደርጋል፤ ነውር ነው ያለ ሰው የለም።

«እንግዲያው ይህን ይስሙና ያሰናብቱኝ» ብላ ስልኳን አወጣች።

የኤደኑ መምህር ኡበይድ ተማሪዎች፣ ከኢትዮጵያ የሚመጡት ወጣቶች እነሱ ዘንድ የሚደርሱት ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ መሆኑን ተናግረው፣ ጅቡቲ ላይ የት እንደሚያርፉ ጠይቀው ኖሯል። የሰብሊ መልስ አባቷም በሚያውቁት ዓረብኛ ተሰማ፤ «እኛ ጋ አያርፉም። አባዬ ደረጃው ላይ እጣቢ ይደፋል።»

አቶ ክፍሌ ባልዲውን እንደያዙ ክው አሉ። ልጅቷ አልከሰሰቻቸውም፣ አላዘነችም፤ ዛሬ ይሞቃል እንደሚል ሰው ነው የተናገረችው። ይበልጥ ያስደነገጣቸውም እሱ ነው።

ሒክማ የምትባል የኤደን ተማሪ ቀጠለች፤ «ጦርነቱ ሲጀመር እናቴ እኔን ታቅፋ በጀልባ ጅቡቲ ገባች። አንድ ባለሱቅ ደረጃው ላይ አሳርፎ ውሃ ሰጣት። ያ ሰውዬ እጣቢ ደፍቶበት ቢሆን ኖሮ እናቴ የት ትቀመጥ ነበር?»

«ኧረ በማርያም» አሉ አቶ ክፍሌ። ያ ባለሱቅ እሳቸው እንዳልነበሩ ያውቃሉ። ምነው እኔ በሆንኩ ብለው ተመኙ፤ እፍረት ፊታቸውን አቃጠለው።

«ሰብሊ ምን ብላ መለሰችላት፣ ልጄ?»

«አልመለሰችም። ምን እንደምትል ጨነቃት። መልሱ የእርስዎ ነው፣ ጋሼ።»

እንዲቀዱ ስልኩን ዘረጋችላቸው። ባልዲውን አስቀምጠው፣ «ሒክማ፣ ከነገ ጀምሮ ደረጃው ደረቅ ነው» አሉ።

ኮሚቴው ላይ ለመናገር ሲነሱ፣ ቁጣቸውን የሰማ ሰው ሁሉ የስንብቱን ነገር ጠበቀ። እሳቸው ግን የራሳቸውን ጉድ በራሳቸው አንደበት አወሩ። ልጆች ከሩቅ አገር ልጆች ጋር መነጋገራቸው የባሕር ማዶውን ለማወቅ ብቻ እንደማይጠቅም፣ ደጃፍ ላይ የቆመውንም ሰው ለማየት እንደሚያበቃ ተናገሩ። ሌሎቹም መምህራን ማኅበሩን እንዲቀላቀሉ፣ ወላጅም ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ እንዲያዳምጥ ጠየቁ። የፅዮናዊት ክፍል በዚያው ቀጠለ።

በማግስቱ ቀትር ላይ አንድ መንገደኛ ወጣት ሱቁ አጠገብ ቆመ። ከመቀመጡ በፊት ጎንበስ ብሎ ደረጃውን በመዳፉ ዳሰሰ። ለካ የእሳቸው ደረጃ በመንገደኛው ሁሉ ዘንድ የታወቀ ነበር። አቶ ክፍሌ ይህን ሲያዩ ዳግመኛ ደነገጡ።

«ደረቅ ነው፣ ተቀመጥ» አሉትና ውሃ ሊያመጡለት ገቡ።