በአንድ ክንድ ካምቢዮ ለማውረድ

ጋሽ ኢዶሳ፣ እትዬ ቦሰና፣ የጋራዥ ወንድሞቼ፣ ጎረቤቶች፤ ሁላችሁም እንደደከማችሁ አውቃለሁ። ስድስት ቀን ከጭነት መኪና ሥር ተጋድሞ የሰነበተ ሰው በሰባተኛው ቀን የሚያምረው የሽኝት ንግግር አይደለም፤ እንቅልፍ ነው። ጴጥሮስ ገና ሳልጀምር ዓይኑን ከድኗል። ግድ የለም፣ ተኝተህም ቢሆን ስማኝ። ሰዓት እላፊው ሳይደርስብን ሁላችንም ወደየቤታችን መግባት ስላለብን አላስረዝምም።

ጋሽ ኢዶሳ ወደ ጋራዣችን የመጡበትን ጠዋት ታስታውሳላችሁ? ጣልያን ከገባ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት ነበር። ካፖው፣ አለቃችን፣ «ነገ አንድ የካምቢዮ ሰው ይመጣል፤ የመኳንንት መኪና ሲጠግን የኖረ ነው» ብሎናል። እኛ የብረት ሳጥን ያንጠለጠለ ባለ ቱታ ስንጠብቅ፣ አንድ ጋቢ የደረበ ሰው ረዥም የባሕር ዛፍ ግንድ ተሸክሞ በሩ ላይ ብቅ አለ። ዕቃ ቤት ጠባቂያችን ሳኒ ቀና ብሎ እንኳ አላየም።

«እንጨት ከወጥ ቤቱ ጀርባ ነው የሚወርደው» አለ።

ጋሽ ኢዶሳም ጨዋ ናቸውና አወረዱ። ቢሮ ገብተው ስማቸውን አስመዝግበው እስኪመለሱ ድረስ ወጥ ቤቶቹ ግንዱን ፈልጠው የካፖውን ማኮሮኒ ቀቅለውበታል።

«ዕቃዬስ?» አሉ ተመልሰው።

«የምን ዕቃ ጋሼ?»

«ካምቢዮ የማወርድበት።»

«ሳጥን ይዞ የገባ ሰው አላየሁም።»

«ሳጥን ማን አለህ? ግንዱን ነው የምልህ!»

ሳኒ እስከ ዛሬ «እኔ አላነደድኩትም» እያለ ይምላል። እውነቱን ነው፣ አላነደደም። የተረፈውን ማኮሮኒ ግን በልቷል፤ አይቼዋለሁ።

ካምቢዮን ለማታውቁት ጎረቤቶች፦ ማርሾቹ የተዘጉበት የብረት ሳጥን ነው፤ ከሞተሩ ኋላ ይንጠለጠላል፣ የሙክት ያህል ይከብዳል። ጋሽ ኢዶሳ የመኪናውን የወለል ሳንቃ ያነሣሉ፣ ግንዱን ከግራ በር ወደ ቀኝ በር ያሻግራሉ፣ ገመድ በወለሉ ቀዳዳ አውርደው ካምቢዮውን ያስራሉ፣ ከዚያ ቡሎኑን ይፈታሉ። ክብደቱን የሚሸከመው ግንዱ ነው እንጂ ሰው አይደለም። ይህን ስንሰማ ሁላችንም ሳቅን። ከሁሉ በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ምን ላድርግ? ጣልያን ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት የምስክር ወረቀቴን ተቀብዬ ከተማሪ ቤት የወጣሁ ሰው ነበርኩ። አንድ የፈረንሳይኛ የመካኒክ መጽሐፍ በብብቴ ሸጉጬ እዞራለሁ። መጽሐፉ ካምቢዮ ለማውረድ ሃያ ሦስት ዓይነት ዕቃ ይዘረዝራል። በማግስቱ ቆሜ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ሃያ ሦስቱንም አነበብኩላቸው። ጋሽ ኢዶሳ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ተክለጻድቅ» አሉ፣ «ይህን ሁሉ ከዘረጋህ በኋላ መኪናውን የት ታቆመዋለህ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ጋራዡ ውስጥ «ሃያ ሦስት» ሆኖ ቀረ። «ሃያ ሦስት፣ ውሃ አምጣ»፣ «ሃያ ሦስት፣ ካፖው ይጠራሃል»።

ልማዳቸውን ታውቁታላችሁ። ሥራ ሳይጀምሩ ዕቃውን ሁሉ መሬት ላይ ይደረድራሉ፤ ከዚያ እንደ ሌላው ሰው የሚፈልጉትን አያነሡም፣ የማይፈልጉትን ያስወጣሉ። «ይህ ለምንህ ነው?» ይሉኛል። መልስ ካጣሁ ወደ ሳኒ ይመለሳል። ሳኒ «ዕቃ ስትወስዱ ሳይሆን ስትመልሱ ነው የምታደክሙኝ» እያለ ያማርራል። አራት ዕቃ ብቻ ሲቀር ጋሽ ኢዶሳ መዳፋቸውን ያሻሹና «በል፣ አሁን ማሰብ እንጀምር» ይላሉ።

አንድ ቀን ጴጥሮስ በገመዱ ፋንታ ሰንሰለት ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ብረት እያለ በቃጫ ማንጠልጠል ምንድን ነው?»

«ገመድ ከመበጠሱ በፊት ያቃስታል፣ ትሰማዋለህ። ሰንሰለት ዝም ብሎ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ይከዳሃል።»

«እንግዲያው እኔ ገመድ ነው ያገባሁት። ቀኑን ሙሉ ስታቃስት ነው የምትውለው።»

«ደግ አደረግህ፤ አትከዳህም። ዝም ያለች ቀን ፍራ!»

ይኸው አሁን ነቃ። ስለ ሚስቱ ሲነሣ እንቅልፍ የለውም።

የቆቡን ነገርማ ባለቤታቸው እትዬ ቦሰና ብትነግራችሁ ይሻል ነበር። ጋሽ ኢዶሳ ከቡሎን የፈቱትን ዳዶ ሁሉ ቆባቸው ውስጥ ነው የሚያጠራቅሙት። ኪስ ቀዳዳ አለው፣ ጣሳ ይገለበጣል፣ ቆብ ግን ራሴ ላይ ስለሚውል አይጠፋም ይላሉ። በግንቦት ልደታ ከሥራ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ደጀ ሰላሙ ጋ ደርሰው ሊሳለሙ ቆባቸውን ቢያወልቁ ዳዶ እንደ በረዶ በድንጋዩ ላይ ዘነበ። ሕዝቡ ዞረ። አንድ ሽማግሌ «ስለት ነው?» ብለው ጠየቁ። እትዬ ቦሰና ነጠላዋን አጣፍታ፣ በምእመናን እግር መካከል አጎንብሳ አንድ በአንድ ለቀመችው። አንዱ ጠፍቶ ቀረ፤ በማግስቱ ዳዶው የተፈታበት መኪና አንድ ጎድሎት ወጣ። ማርያም ጠብቃው ደሴ ደርሷል።

ይሄ ሁሉ ያስቃል። አሁን ግን የማያስቀውን መናገር አለብኝ።

ባለፈው ነሐሴ የሆነውን ሁላችሁም የምታውቁት በአንድ ዓይነት ነው። ካምቢዮ ወደቀ፣ የጋሽ ኢዶሳ ቀኝ ትከሻ ተሰበረ። ካፖው መጥቶ «ክሪኩን እንዲህ ያቆመው ማነው?» ሲል ጋሽ ኢዶሳ «እኔ ነኝ» አሉ። ወረቀቱ ላይም «በራሱ ጥፋት» ተብሎ ተጻፈ። ጡረታ ብለው የሰጧቸው ያንኑ ወረቀት ነው። ማኅተም አለው፤ ከማኅተሙ ሌላ የሚቀመስ ነገር የለበትም።

ክሪኩን ያቆምኩት እኔ ነኝ።

አይ ጋሽ ኢዶሳ፣ እጅዎን አያወዛውዙብኝ፤ ልጨርስ። ሁለት ወር ሙሉ ይህ ነገር እንደ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰክቶ ነው የኖረው። የዚያን ቀን ካፖው ጠርቷቸው ሄዱ። ሲሄዱ «ግንዱን አሻግረህ ጠብቀኝ» አሉኝ። እኔ ግን ግንድ መሸከም ሰልችቶኝ ነበር፤ እስኪመለሱ ጨርሼ ላስገርማቸውም አማረኝ። መጽሐፌ «ከሥር ክሪክ አቁም» ስለሚል ክሪክ አቆምኩ። መጽሐፉ የተጻፈው ሲሚንቶ ላይ ለቆመ ጋራዥ ነው። የእኛ ግቢ በነሐሴ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ዋልካ ነው፣ ጫማ ይውጣል። የመጨረሻውን ቡሎን ስፈታ ክሪኩ እንደ ዱላ ጭቃው ውስጥ ሰመጠ። እኔ በጀርባዬ ተኝቼ ነበር፤ ካምቢዮው በደረቴ ትክክል ነው። ከዚያ የማስታውሰው ከጎን የገባ አንድ ትከሻ ነው።

እናንተ ስትደርሱ እሳቸው ወድቀው እኔ ቆሜ አያችሁን። የመሰላችሁም እንደዚያው ነው።

ማታውን ወጌሻው አስሮላቸው ሲሄድ መጥቼ ከመደቡ ሥር ተቀመጥኩ። «ለምን?» አልኳቸው። የመለሱልኝን ቃል በቃል ልንገራችሁ፦ «የኔ ትከሻ ሄዷል። ያንተ ስም ለምን ይከተለዋል? አንድ ካምቢዮ ሁለት ሰው ማባረር የለበትም።» ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ ሕመሙ ብሶባቸው ነበር። እኔም በማግስቱ አፌን ይዤ ሥራ ገባሁ። በዚያ አፍራለሁ።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የጋሽ ኢዶሳ ጋራዥ ይህ ግቢ ነው። ያቺ በአጥሩ ጥግ የቆመችው ጥቁር መኪና የአንድ የተክለ ሃይማኖት ሰፈር ነጋዴ ናት። ሁለተኛ ማርሽ ከገባች ትጮኻለች፣ ሦስተኛው ጭራሽ አይገባም። ካምቢዮዋ በደኅና ወርዶ በደኅና ከተመለሰ ሌሎቹም ነጋዴዎች ወደዚህ ይመጣሉ። ካልሆነ ግን «ኢዶሳ እኮ አበቃለት» ይባላል፤ ይህ ቤት በምን እንደሚኖር እኔ አላውቅም። ለዚህ ነው ለሽኝት ስጦታ ሸማ እንግዛ ስትሉ እምቢ ያልኳችሁ። ምን ዓይነት ዕቃ ቢኖረው ነው አንድ ክንዱ የማይነሣለት ሰው ቤቱ ሆኖ ካምቢዮ የሚያወርደው? ሦስት ሳምንት ያከራከረን ይህ ነው።

ከዕቃ ቤት አንድ መፍቻ እንኳ አልወጣም፤ ሳኒ እስር ቤት መግባት የለበትም። ሁሉንም ያገኘነው ከተጣለ ብረት ነው። እንደ እርስዎ ሥርዓት መሬት ላይ ደረደርነውና እያንዳንዱን «ይህ በግራ እጅ ይሠራል ወይ?» ብለን ጠየቅን። አብዛኛው አይሠራም። የቀረው ይህ ነው።

ግንዱን ሳኒ ራሱ ከሰንጋ ተራ ተሸክሞ አመጣው። በመንገድ ላይ ሦስት ሴቶች «እንጨቱን ትሸጠዋለህ?» ብለው አስቁመውታል፤ የእጁን አግኝቷል። ገመዱ አዲስ ቃጫ ነው። ግንዱ ላይ ሦስት ዙር ከተጠመጠመ በአንድ እጅ ቀስ እያሉ ይለቁታል፤ ጴጥሮስን አንጠልጥለን ሞክረነዋል፣ ጴጥሮስ ደግሞ ከካምቢዮ አያንስም። መፍቻውን ከተሰበረ የመኪና ባሌስትራ የቀጠቀጠው እሱ ነው። እጀታው እንደ ክንድ ረዥም ነው፤ የጠበቀ ቡሎን ሲያጋጥም በግራ እጅ ደገፍ ሲሉበት ይበቃል። አራተኛው እነዚህ ሁለት ጭንቅላታቸው የተቆረጠ ረዣዥም ቡሎኖች ናቸው። ከላይ ካሉት ቡሎኖች ሁለቱን አውጥተው እነዚህን ይተኳቸዋል፤ ካምቢዮው ሲወጣ በእነሱ ላይ ይንሸራተታል እንጂ ወደ ጎን አይወድቅም። ክሪክ የለም። ክሪክ እንዳይገባ የለመንኩት እኔ ነኝ።

መጽሐፉን አልጣልኩትም። ወጣት ነኝ፣ ቶሎ ተስፋ አልቆርጥም፣ አንድ ቦታም አልረጋም፤ ይህን እርስዎም ያውቃሉ። አንድ ቀን ለዋልካ ምድር የሚሆን የካምቢዮ መጽሐፍ በአማርኛ እጽፋለሁ። የምናነበው በራሳችን ጋራዥ ነው፤ በሩ ላይ የሚጠራን ካፖ አይኖርም። መቼ እንደሆነ አትጠይቁኝ። እኔም እንደ እናንተ ደክሞኛል። ግን ይሆናል። እስከዚያው የእርስዎን ትዕግሥት፣ ስድብዎንም ሳይቀር፣ አመሰግናለሁ። በሕይወት ቆሜ ማመስገኔም በእርስዎ ነው።

አየሁዎ፤ ዕቃዎቹን እያዩ የሚፈልጉት ነገር አለ። መኪና ሥር የሚተኙበት ጆንያ ነው። እኛም አልረሳነውም። ጆንያው እኔ ዘንድ ነው፤ አልሰጥዎትም። በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዤው እመጣለሁ፤ ከሥር የምተኛው እኔ ነኝ። ንስሐ አባቴን ጠይቄያለሁ፤ «ጉድጓድ የገባን አህያ በሰንበት ማውጣት ተፈቅዷል» ብለውኛል። የእኛ ነገር ማውረድ እንጂ ማውጣት እንዳልሆነ አልነገርኳቸውም። እርስዎ ከላይ ይቀመጡና ገመዱን ይያዙ። ካምቢዮው እንደገና በደረቴ ትክክል ይሆናል፤ በእርስዎ እጅ ስለሆነ አልፈራም።

አሁን ብርሌያችንን እናንሣ። ሳኒም ብርዝህን ያዝ። ጋሽ ኢዶሳ ፊት ያለው ጠጅ ግን ከተቀዳ ጀምሮ አልጎደለም። ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ እያወቅን ዝም ብለናል። ቀኙ አልነሣ አለ፤ በሰው ፊት በግራ መጠጣት ደግሞ ነውር ነው ብለው ያደጉ ሰው ናቸው። እንግዲያው ነውሩን እንካፈለው። ተነሡ! ጴጥሮስ፣ አንተም ተነሥ። ብርሌውን ሁላችሁም በግራ እጃችሁ ያዙ፤ በግራ ነው ያልኩት!

ጋሽ ኢዶሳ፣ እግዜር የግራዎን ጉልበት እንደ ቀኝዎ ያድርገው። ይህ ግቢ የተበላሸ መኪና አይጣ፤ የገባው ሁሉ ድኖ ይውጣ። እትዬ ቦሰናን ከጎንዎ አያጉድልብዎ። ይህንንም ዘመን አሳልፎ ለደጉ ቀን ያድርሰን።

በሉ፣ ያንሡ ጋሼ። እርስዎ ሳይቀምሱ እኛ አንቀምስም።

ለግራ እጅዎ!