አፈሩ የጎደለው ግድግዳ

ብርጭቆዬን በግራ እጄ በመያዜ አትታዘቡኝ። ምክንያት አለኝ፤ እደርስበታለሁ።

ጋሼ ወደዚህ ትምህርት ቤት የመጡ ቀን እኔ በር ላይ ነበርኩ። ትከሻቸው ላይ ማረሻ ተሸክመዋል። ዘበኛችን ከላይ እስከ ታች አያቸውና «አባት፣ የት ሊያርሱ ነው?» አላቸው። ጋሼ ፈገግም ሳይሉ «ዘጠነኛ ክፍልን» አሉት። ከዚያ በኋላ ያረሱትን ዘጠነኛ ክፍል እናንተ ቁጠሩት።

ግብርና ሊያስተምሩ መጥተው የወጣት ገበሬዎች ክበብ አቋቋሙ። የክበቡን ዓርማ ተማሪ ይቅርና መምህር ሳያስጠኑ አይለቁም። እኔ ኬሚስትሪ ነው የማስተምረው፤ ምን አገባኝ? አንድ ቀን ምሳዬን ልጎርስ ስል ያዙኝ።

«ቆይ፣ አረንጓዴው የምንድን ነው?»

«የቡቃያው።»

«ቢጫውስ?»

«የፀሐይዋ።»

«ወደቅክ! ፀሐይዋ ገና እየወጣች ስለሆነ ቀይ ናት። ቢጫው የደረሰው በቆሎ ነው። እስቲ እንደገና።»

ምሳዬ ቀዘቀዘ።

ዓርማውን የመሣሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የሳለው ቀለም ቀቢ፣ ከታች የሚገባውን ቡኒ፣ ማለትም አፈሩን፣ ዘነጋው። «ነገ መጥቼ እጨርሰዋለሁ» ቢል ጋሼ «እንዳትመጣ» አሉት። ይኸው በየዓመቱ አዲስ ተማሪዎችን እዚያ ያቆሙና «ምን ጎደለ?» ይላሉ። አንዱ «ስልክ ቁጥር» አለ። አንዷ ደግሞ «የእርስዎ ፎቶ» አለቻቸው። መጨረሻ ላይ አንዱ ልጅ አቀርቅሮ ጫማውን ያይና «አፈሩ!» ብሎ ይጮኻል። ያኔ ሁሉም ጭቃ እየዘገኑ ግድግዳውን በመዳፋቸው ይለቀልቁታል። ዝናቡ ያጥበዋል፤ ለከርሞዎቹም ቦታው ይለቀቃል። የጽዳት ሠራተኛችን ይቺውላችሁ፣ ራሷን ትነቀንቃለች፤ «ኧረ ግድግዳዬን!» ሳትል ያለፈችበት ዓመት የለም።

አንዴ «ጋሼ፣ አንድ ቆርቆሮ ቡኒ ቀለም ገዝቼልዎት እንገላገል» ብላቸው፣ «አንተ ልጅ፣ የቀለም አፈር ምን ያበቅላል?» አሉኝ።

ባለፈው ስብሰባ ርዕሰ መምህራችን «ጋሼ ጡረታ ሲወጡ ክበቡን የሚረከብ ካልተገኘ ይዘጋል፣ ግድግዳውም ነጭ ይቀባል» ሲሉ ግን ጋሼ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠርዙን ያሻሹ ነበር። እኛ ሁላችን ጣሪያ ጣሪያውን አየን።

ጋሼ፣ እኔ የሆዴን መናገር አይሆንልኝም። ግን አመሰግንዎታለሁ። ልጄን አስተምረውልኛል። ለፈተና ያጠናውን ሁሉ በማግስቱ የሚረሳ ልጅ፣ ያንን ዓርማ ለታናሽ እህቱ አንድም ሳይስት ሲያስረዳ ሰምቻለሁ። ግድግዳውን የቀባ ዕለትማ እጄን አልታጠብም ብሎ እራት ላይ ተጣላን። «አባዬ፣ ይታይልኝ እንጂ» ነበር የሚለኝ። ያኔ አልገባኝም ነበር።

ዛሬ ጠዋት ርዕሰ መምህራችን ቢሮ ገብቼ ክበቡን ተረክቤያለሁ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄድኩ። ቀኝ እጄ ይኸውላችሁ፤ አልታጠብኩም። የጽዳት ሠራተኛችን፣ ይቅርታሽን።

ጋሼ፣ ለከርሞ ልጆቹን እዚያ ሳቆማቸው መጥተው ከኋላ ይቁሙልኝ። ከተሳሳትኩ እንደ ልማድዎ ምሳዬን ያቀዝቅዙት።

በሉ፣ ብርጭቆ አንሡ። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎት፤ የዘሩትን ቁጭ ብለው ለማየት ያብቃዎት። ለጋሼ!