ያልተፈቱት ሦስት ቋጠሮዎች

ሼህ እንድሪስ ከጎብዬ ወደ ቆቦ እየገሰገሱ ነው። የሟች ወንድማቸው ሚስት ዓሊማ ከዙሁር ሶላት በኋላ ከማሉዲን ከሚባል ሾፌር ጋር ኒካህ ሊታሰርላት ነው፤ እሳቸውም በሰው ፊት ሊያስቆሙት ቆርጠዋል። ባሏ የሞተባት ሴት ዳግም ሳታገባ የምትቆይበት ጊዜ፣ ዒዳዋ፣ አራት ወር ከዐሥር ቀን ነው። የረጀብ ወር ጨረቃ በታየችበት ምሽት ወንድማቸው ሲሞት፣ ወሩን ሠላሳ ሠላሳ ቀን ቆጥረው መቶ ሠላሳ ጊዜ የተቋጠረ ገመድ አዘጋጅተው በየቀኑ አንድ ይፈቱ ነበር። ዛሬ ሦስት ቀርቷል። ሙሽራው ነገ ወደ አሰብ ስለሚወርድ፣ ኒካሁ ዛሬ ከቀረ መቼ እንደሚታሰር አይታወቅም።

መንገድ ላይ የመሠረተ ትምህርቱን መምህር በድረዲንን አገኙት። ፊደል እንዲቆጥሩ ሲጠራቸው ሦስት ጊዜ «በሬ ጠፍቶብኛል» ብለው ስለቀሩ ሊሸሹት አሰቡ፤ ንዴታቸው ግን አላስቻላቸውምና ገመዱን አሳዩት።

«ሼህ እንድሪስ፣ ረመዳንን ስንት ቀን ጾሙ?» አላቸው።

«ሃያ ዘጠኝ። የሸዋልን ጨረቃ በዓይኔ አይቼ ነው የፈታሁት።»

«ለጾምዎ ጨረቃን ካመኑ፣ ለዓሊማ ስለምን ገመድ ያምናሉ? ከረጀብ ወዲህ አራቱ ወር በጨረቃ ሞልቶ ዐሥሩም ቀን ዛሬ አልቋል።»

ሼሁ ቆሙ። አንድ ወር ከሠላሳ ቀን ቢጎድል ያለ ነው፤ ከአራቱ ወር ሦስቱ እንዴት ይጎድላሉ? ጨረቃ አየሁ ያለው ሰው ዋሽቷል ብለው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። እንዲህ ያለ ነገር በጉባኤ ከተነገረ የምስክሩም የሴቲቱም ስም ይጠፋል፤ በድረዲን ይህን ያውቃልና ደነገጠ።

«በአውድማዎ ወይፈንና ሽማግሌ በሬ ሲዞሩ ያስቡ» አለ ቀስ ብሎ። «ወይፈኑ ዞሮ ሽማግሌውን በደረሰበት ቁጥር አንድ ወር ይበሉ። ሁለቱም እርምጃቸው እኩል አይደለም። ወይፈኑ ሲፈጥን፣ ሽማግሌውም ሲያዘግም፣ ቶሎ ይደርስበታል፤ ሲገላበጥ ይዘገያል።»

«ወይፈኑ ጨረቃ ነው ትለኛለህ?»

«አዎ፤ ሽማግሌው ፀሐይ። ጨረቃ ወደ ምድር ስትቀርብ ትፈጥናለች፣ ስትርቅ ታዘግማለች። እኛም ፀሐይን ስንዞር አንዴ እንፈጥናለን፣ አንዴ እንዘገያለን፤ ስለዚህ የፀሐይ አካሄድ ለዓይናችን አይስተካከልም። ከጨረቃ እስከ ጨረቃ አንዳንዴ ከሃያ ዘጠኝ ቀን በሩብ ያህል ብቻ ይበልጣል፣ አንዳንዴ ሠላሳ ሊሞላ ይደርሳል። ዘንድሮ አጫጭሮቹ ተከታተሉ። ማንም አልዋሸም፣ ሼህ።»

ሼሁ በወይፈን ሲያበራዩ ያረጁ ሰው ናቸውና ነገሩ ገባቸው።  እስከ ቆቦ ገመዱን እያሻሹ ልባቸውን መረመሩት፤ ለሸሪዓው ብቻ አልነበረም የገሰገሱት። ቋጠሮው ሲያልቅ ወንድማቸው ዳግመኛ የሚሞት መስሏቸው ነበር፤ በዚህም አፈሩ።

ኒካሁ ወደሚታሰርበት ቤት ሲገቡ ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ለምን እንደመጡ የማያውቅ አልነበረም፤ ዓሊማም ከመጋረጃው ኋላ ጆሮዋን ጣለች።

«ዒዳዋ ሞልቷል» አሉ ሼህ እንድሪስ። «የሸዋልን ጨረቃ ያየሁት እኔ ነኝ። ምስክር ከጎደለ ልቀመጥ።»

በማግስቱ ፊደል ሊቆጥሩ ሄዱ። ጨረቃ የታየችበትን ቀን ከነምስክሩ በደብተር መጻፍ ከተጀመረ ወዲህ በጎብዬ ዒድም ሆነ ዒዳ ሰው አላጣላም፤ የመጀመሪያዎቹ መስመሮች በሼሁ ጎርበጥባጣ ፊደል የተጻፉ ናቸው። ገመዱን ግን ያኔ በኒካሁ ዕለት፣ ፊርማው ሲያልቅ፣ በሰው ሁሉ ፊት አወጡት፤ እንባቸው እየወረደ ሦስቱን ቋጠሮ አንድ በአንድ ፈቷቸው።